ጅማት ነው አሉኝ

ሰበታ፣ ማክሰኞ ኅዳር 8 ቀን 1957 ዓ.ም.
ለወርቅነሽ ሾርባ። በግራ ጉንጯ በኩል ብቻ ትውጣለች። ከጋሪ ስትወድቅ የተሰበረው የቀኝ ጉንጯ አጥንት እንደ ሰረጎደ ነው። ባለፈው ዓርብ አዲስ አበባ ሆስፒታል ሊያነሡት አስገብተዋት ሳይጨርሱ አወጧት። ልቧ ቆሞ ነበር። ቁስል አጣቢው ድሬሰር ሲተረጉም፣ ፈረንጁ ሐኪም የጉንጭ ጅማት ነክቶ ነው አለኝ። የጉንጭ ጅማት ከልብ ምን አገናኘው? ማደንዘዣ አብዝተውባት ይሆናል። የሚደብቁት አለ፣ ማስታወሻዬ። ያሳደግኋት የእህቴ ልጅ ናት፤ ደግሜ አልሰጣቸውም።

ረቡዕ ኅዳር 9
ወርቅነሽ አንዱን ኩባያ ሁለት አድርጋ አይታ ውሃውን መሬት አፈሰሰች። አጥንቱ በዚህ ሳምንት ካልተነሣ ዓይኗ እንዲሁ ይቀራል ተብሏል። ባለጋሪው ኦቦ ቶለሳ ሊጠይቃት መጣ። ሳስተምረው እንደነበረው ዛሬም አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። ሄደው ሐኪሙን ራስዎ ይጠይቁት አለኝ። ቀጥሎም፣ "መቼም ሐኪሙንም እንደኛ ፊደል ሳያስቆጥሩ አይለቁትም።" አልሳቅሁም።

ሐሙስ ኅዳር 10፣ ማታ
ሆስፒታሉ ሄድሁ። ረሳሁት ብዬ በተውሁት፣ በልጅነቴ የሚሲዮን መነኮሳይት በአለንጋ ባስተማሩኝ ፈረንሳይኛ ራሴ ጠየቅሁ። ሐኪሙ ጅማት አላለም፤ ነርቭ ነው ያለው። ድሬሰሩን ገላመጥሁት። ጅማት ሥጋን ከአጥንት የሚያስር ነው።
"ታዲያ ባማርኛ ምን ልበለው፣ እማማ?"
ወደ ሐኪሙ ዞርሁ፣ አስረዳኝ።
የፊት ነርቭ ሲጎተት ለአንጎል ይናገራል፤ አንጎል ልብን ቀስ በል ይለዋል፤ አንዳንዴም ይቆማል። እሱ ነርቩን ሲለቀው ልቧ ወዲያው ተመለሰ አለ። አሳየኝ አልሁት፣ በእኔ ላይ። ለዕድሜዎ አይሆንም ብሎ የራሱን ዓይን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ ተጫነው። የሌላ እጁን አንጓ ሰጠኝ። ትርታው ከጣቴ ሥር ዘገየ። ዘገየ። ጠፋ መሰለኝ። እጁን ከዓይኑ ላይ መንጭቄ አነሣሁት።
ልብ እንዳይዘገይ የሚከለክል መርፌ አለ፤ ነገ አጥንቱን ከማንሣቱ አስቀድሞ ይወጋታል። ባለፈውስ? አልወጋኋትም አለ፣ አቀርቅሮ። ይህን ድሬሰሩ አልተረጎመልኝም ነበር።

ዓርብ ኅዳር 11፣ ከጧቱ 12 ሰዓት
ወርቅነሽ ልቤ ድጋሚ ይቆማል ወይ አለችኝ። ሊቆም ይችላል፣ ያን ጊዜ ሐኪሙ እጁን ያነሣል አልኋት። ለሐኪሙ እሰጣታለሁ። ግን በሩ ላይ ቆሜ መርፌው መወጋቱን በፈረንሳይኛ ሳልጠይቀው አትገባም። ያለ አስተርጓሚ።
የቶለሳ ጋሪ ደጅ ቆሟል። አልወጣበትም ትላለች። ይሁን፣ እስከ አውቶቡሱ በእግራችን። እጇን ይዤ፤ አንጓዋ ላይ ጣቴን አሳርፌ፣ ትርታዋን እየቆጠርሁ።