ከበራችን ላይ የወረደው ድንጋይ

ይድረስ ለወንድሜ ለቫንጄል፤

እንዴት ከረምክ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ያ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያስልህ ደረትህ እንዴት ነው? እጮኛህ ሲልቫና ደህና ናት? እኛ አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም፤ ንዴቴ ገና አልበረደም።

የቤታችንን በር ፌስቡክ ላይ ለጥፈህ «ያደግሁት በሁለት ሺህ ዓመት ድንጋይ ሥር ነው» እያልክ ጉራህን ነዛህ። ፎቶውን የጥንቱን ፍርስራሽ የሚጠብቁት የፓርኩ ሰዎችም አዩልህ። አያታችን ያንን ጽሑፍ ያለበትን እብነ በረድ ከፍርስራሹ በጀልባ አምጥቶ ጉበን ሲያደርገው መንደሩ ሁሉ አይቷል። ስድሳ ዓመት ግን ማንም ትንፍሽ አላለም፤ በየቤቱ ከዚያው የመጣ አንድ አንድ ድንጋይ አለና። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ አንተ ለፍላፊ!

የዛሬ ሦስት ሳምንት ማክሰኞ አራት ሰዎች ክሬን ይዘው መጡ። እናታችን በሩ ላይ ቆማ፣ «እንደ ወጋችን ሙሽራ ሆኜ ስገባ ማር የቀባሁት እዚህ ላይ ነው፤ አትነኩትም!» አለች። አለቃቸው ለስለስ ብሎ፣ «እናቴ፣ ይሄ እኮ የሕዝብ ነው» አላት። «እኔስ? ሕዝብ አይደለሁም እንዴ?» ብትለውም ድንጋዩን ወሰደ። በምትኩ የሲሚንቶ ጉበን ገጠሙልን። ከዚያን ቀን ወዲህ እማማ በዚያ በር ገብታ አታውቅም። በሰባ አንድ ዓመቷ ጎንበስ ብላ በፍየሎቹ በር ትገባለች።

አንተ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ «ለፋሲካ ሲልቫናን ይዤ እመጣለሁ፤ ማሩን አዘጋጁ» ብለህ ጻፍክ። ምኑ ላይ ልትቀባው ነው?

እሑድ እማማ ድንጋዩን ካላየሁ ብላ ፓርኩ ወሰድኳት። ቁጥር ተለጥፎበት፣ በገመድ ታጥሮ ቆሟል። ከቦርሳዋ የማር ብልቃጥ አውጥታ፣ በገመዱ ሥር ሾልካ በጣቷ ቀባችበት። ዘበኛው ጎረቤታችን ቶማ፣ «ኧረ እማማ፣ ከሥራ ልታስባርሪኝ ነው!» እያለ በመሐረቡ ይጠርግ ጀመር። የእሱ ቤት ደረጃ ከየት እንደመጣ አንተም ታውቃለህ።

በመንገድ ላይ፣ «ለሲልቫና እኔ ቀብቼላታለሁ» አለችኝ። «እንግዲህ መምጣት አያስፈልጋቸውም፤ ጻፊለት።» ይኸው ጻፍኩልህ።

ልጄ ዴስፒና እጅ ነስታለች። አጎታችን ፒሎ፣ ቢናደድብህም፣ ደረትህን አሙቅ ብሎሃል። ለሲልቫና ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ እሷ ምን አጠፋች?

እማማ አጠገቤ ተቀምጣለች። ሰላም በይው አላለችኝም።

እህትህ ፖሊክሴና
ሸን ሚትሪ መንደር፣ አልባኒያ
ማርች 11 ቀን 2019