አንቀጽ አራትና የእንጉዳይ ከል

ሰኞ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2002። ጠዋት 3፡40፣ መምህራን ክፍል

ዩኒፎርም ያልለበሰ ልጅ ትምህርት አይገባውም እንዴ? ዛሬ በር ላይ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ጠየቀኝ። ደብተሬ፣ አንተም ይህን መጠየቅህ አይቀርም። ወላጅ ሁሉ ይጠይቃል። መልስ አለኝ፤ ተረኛ ስለሆንኩ አልመለስኩለትም። ወደ ቤቱ ላክሁት።

ብርድ ነው። ጥቅምት ከገባ የዳባት ንፋስ ብሶበታል። ዘበኛችን ጋሽ ሞላ የድሮ ወታደር ናቸው፤ ተማሪውን እንደ ምልምል አሰልፈው ይፈትሻሉ። አንዱ ጂንስ ሱሪ ለብሶ መጣ። ሰማያዊ ነው እኮ ጋሼ አላቸው።

«ሰማዩም ሰማያዊ ነው፤ እሱን ለብሰህ ትመጣለህ?»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ልጁም ሳቀ፣ ተመለሰ።

የዩኒፎርም ደንቡ የሚጀምረው ዛሬ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጸሐፊ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ አንድ ዓመት ከሦስት ወር። አምና ያየሁትን አየሁ። የነጋዴ ልጆች ልብስ ሲቀያይሩ፣ ከገጠር የመጣው ልጅ መልሱን እያወቀ ሰሌዳ ለመውጣት ሲያፍር። የሱሪው መጣፊያ ከኋላ ይታያላ! ሁሉም አንድ ዓይነት ከለበሰ የሚለያየው በጭንቅላቱ ብቻ ነው። ይህን አምናለሁ። ዘንድሮ ይህ ት/ቤት ሌላ ይሆናል።

አንቀጽ አራትን በተለይ ወደድኩት። «ቀለሙ የተለየ ወይም የተለወጠ ልብስ እንደ ዩኒፎርም አይቆጠርም።» ጂንሱን የያዘልን እሱ ነው። አጭር። ቀዳዳ የለውም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 5። ከሰዓት 10፡00

እንጉዳይ ከቀረች ሦስተኛ ቀኗ። 10ኛ ሀ፣ እኔ ሒሳብ የማስተምራት፣ ሁለት ዓመት አንደኛ የወጣች። ቤተሰቦቿ ገበሬዎች ናቸው፣ በእግር ሦስት ሰዓት ይርቃሉ። እዚህ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው፤ ስንቅ ከቤት ይመጣላታል። አንደኛዋ ጓደኛዋ ዛሬ ነገረችኝ። አባቷ አርፈዋል።

የክፍል ልጆች ቅዳሜ ለቅሶ ሊደርሱ ነው። አብሬ እሄዳለሁ።

ዓመቱ መጨረሻ ላይ ብሔራዊ ፈተና አለ። ከዚህ ት/ቤት ዘንድሮ ስሙ የሚጠራ ተማሪ ካለ እሷ ናት ብዬ ተወራርጃለሁ። ከራሴ ጋር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 7። 12፡30፣ እግሬን ውሃ ነክሬ

ሦስት ሰዓት ሄድን፣ ሦስት ሰዓት ተመለስን። ገብሱ ቢጫ ሆኗል። ዳገቱን ልጆቹ እየሮጡ ወጡት፤ እኔ ቁጭ እያልኩ።

ደረስን፣ አለቀስን፣ ተቀመጥን። ከጓሮ ትልቅ ድስት ተጥዷል። አክስቷ በዱላ ታማስላለች። ጥቁር ቀለም ነው። የቤቱ ልብስ በሙሉ ይገባል፤ የእናትየው ቀሚስ፣ ነጠላው፣ የልጆቹ ሸሚዝ። ከል ነው፤ ዓመቱ እስኪወጣ የሚለበስ። አክስቷ ዱላውን ስታነሳ አንድ ሰማያዊ እጅጌ አብሮ ብቅ አለ።

ዩኒፎርሟ። ሌላ የረባ ልብስ የላትም፤ ከነከሩ እሱን ነው የሚነክሩት።

አየሁ። አንቀጽ አራት ትዝ አለኝ። በለቅሶ ቤት ስለ ደንብ ይወራል? እጅጌው ተመልሶ ሰመጠ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 16። ጠዋት 2፡40

መጣች። ጸጉሯን ተላጭታለች። ዩኒፎርሙ ቴትረን ጨርቅ ስለሆነ ቀለሙን በደንብ አልያዘም፤ ሰማያዊም አይደል፣ ጥቁርም አይደል፣ ዝናብ የመታው ድንጋይ መስሏል። ጋሽ ሞላ አስቆሟት። ቀስ ብለው ነው ያስቆሟት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር፣ ምን ላድርግ? የጻፍከው አንተ ነህ።»

ከኋላዋ ሰልፍ አለ። የጂንሱ ልጅም አለበት፤ አሁን በደንቡ ለብሷል፣ እኔን ያያል። እንድትመለስ ነገርኳት። ድምፄ እንደ ወትሮው ነበር። አልተከራከረችም።

«ቲቸር፣ ዛሬ የሚያስተምሩት የቱን ምዕራፍ ነው?» አለችኝ።

ነገርኳት። መዳፏ ላይ ጻፈችው። ሄደች። እኔም ገብቼ ያንኑ ምዕራፍ አስተማርኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 17። 11፡15

የኮሚቴ ስብሰባ። ነገሩን አነሳሁ። ር/መምህሩ ለአንዷ ከከፈትን ነገ የሁሉም አባት ይሞታል አሉ። ተሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ቆይቶ አልጣመኝም።

አዋጥተን አዲስ ሰማያዊ እናሰፋላት አልኩ። ሁሉም ቀለል አለው። ሁሉም ወዲያው እጁን ኪሱ ከተተ። መ/ርት ዘይነባ ብቻ አጥብቃ ያዘችኝ፤ ያዋጣችውን ሰጥታኝ ሳለ ነው የምትናገረው።

«የሙስሊም ሴቶች ነጭ ሻሽ ደንቡ ውስጥ የገባው የኛ ነጋዴዎች መጥተው ስለጠየቁ ነው። ገበሬውን ማን ጠራው?»

ብሩን ለልብስ ሰፊው ወሰድኩ። ሰፊው እስከ ሐሙስ ያደርሳል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 19። 11፡50

ልብሱን በጋዜጣ ጠቅልዬ ኪራይ ቤታቸው ሄድኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። መንገድ ላይ ሆኜ የምናገረውን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ።

እናትየው ወ/ሮ ደብሬ ስንቅ ይዘው መጥተው አገኘኋቸው። ተነስተው ተቀበሉኝ፣ መረቁኝ። ልብሱን በሁለት እጃቸው ያዙት፣ ስፌቱን አዩት፣ አመሰገኑ። ከዚያ መልሰው ጠቀለሉት።

«ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ። ሌላው ሴት ልጁን ሲድር አባቷ ደብተር ነው የገዛላት። እሷ ዓመቱ ሳይወጣ ሰማያዊ ለብሳ ብትታይ፣ አባቷን ትጠላው ነበር ወይ አይሉም?»

መላ ያመጣሁ መስሎኝ ሰማያዊውን ግቢ ውስጥ ብቻ ልበሺ፣ ስትወጪ ቀይሪ አልኩ። እንጉዳይ መሬት መሬት እያየች መለሰች።

«ሰው ባያየኝ፣ እኔስ ቲቸር?»

ቀሪውን እናትየው ነገሩኝ። አጎቷ ከእንግዲህ ባል ታግባ ብሏል። የጠየቃት ሰው አለ፤ ቤተሰቡ ደህና ነው፣ በሬ አለው። እሳቸው እንድትማር ይፈልጋሉ፤ ግን ከት/ቤት ተባርራ ከተማ ከተቀመጠች ምን ብለው ይከራከሩላታል? እስከ ሰኞ ይጠብቃሉ። ካልሆነ ይዘዋት ወደ መንደር ይመለሳሉ።

ልብሱን ይዤ ተመለስኩ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ምን እንደማደርገው አላውቅም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 20። 9፡20

ር/መምህሩ ዘንድ ገባሁ። ክፉ ሰው አይደሉም። ደንቡን ያጸደቀው የወላጅ ጉባኤ ነው፤ እኔ በቃሌ አልሰርዘውም አሉ። ልክ ናቸው። የጉባኤውን መዝገብ አውጥቼ አነበብኩ።

የፈረመው በሙሉ የከተማ ሰው ነው። ነጋዴ፣ ሠራተኛ፣ ሾፌር። ከገጠር አንድም የለም። ለምን? ጉባኤው የተጠራው ነሐሴ ውስጥ ነው። ወንዙ ሞልቶ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ፣ ሰው ከመንደሩ በማይወጣበት ወር። ቀኑን የቆረጠው ጸሐፊው ነው። እኔ። ይህን አገር አላውቀውም እንዳልል ደባርቅ ነው የተወለድኩት፤ ነሐሴን አውቀዋለሁ። መስከረም ከመግባቱ በፊት ልጨርስ ብዬ ቸኮልኩ።

መዝገቡን ለር/መምህሩ አሳየኋቸው። ፊርማዎቹን አንድ በአንድ አዩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤ ጥራ አሉ፤ ሰው ከመጣ ይሻሻላል፣ ካልመጣ ደንቡ ደንብ ነው። ማስታወቂያው ላይ ግን የኔ ስም ይሁን አሉ። ይሁን።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 21። ጠዋት 1፡30

ዩኒፎርም ይቅር አልልም። አሁንም አምንበታለሁ። ወ/ሮ ደብሬም ዩኒፎርሙ ይቅር አላሉም። ወስኛለሁ፤ ነገ በጉባኤው ተነስቼ አንቀጽ አራት እንዲሰረዝ የምጠይቀው እኔ ነኝ።

ዛሬ ገበያ ነው፤ ገበሬው ይወጣል። የማስታወቂያውን አራት ቅጂ ጻፍኩ። አንዱ ለት/ቤቱ በር፣ አንዱ ለቤተ ክርስቲያኑ፣ አንዱ ለመስጊዱ። አራተኛውን ይዤ እህል ተራ ቆሜ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ጋሽ ሞላ አብሬህ እቆማለሁ ብለዋል፤ የሳቸው ድምፅ ይሻላል። እዚህ እገለብጠዋለሁ።

«ለተማሪ ወላጆች በሙሉ። የዩኒፎርሙን ደንብ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቀለሙ የተለወጠ ልብስ አይገባም ብዬ ስጽፍ ከገጠር ማንንም አልጠየቅሁም፤ ጉባኤውንም የጠራሁት መምጣት በማትችሉበት ወር ነው። በዚህ ምክንያት አባቷ የሞተባት አንዲት ተማሪ ከል ለብሳ መጥታ ከበር ተመልሳለች። የመለስኳት እኔ ነኝ። ነገ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ት/ቤቱ ግቢ እንሰበሰባለን። ኀዘን ላይ ያለ ልጅ ምን ለብሶ ይማር? ይሁን የምትሉም፣ አይሁን የምትሉም ኑ። መምጣት የማትችሉ ለሚመጣ ጎረቤት ቃላችሁን ስጡት። እባካችሁ ንገሩን።»