ለማንም እንዳትነግሪ ያለችኝ ልጅ

እሑድ፣ ኖቬምበር 2006

ሳቁብኝ። አንዱማ ጓደኛውን በቀልድ በጥፊ መታና “ይኼም አሊሙት ነው?” አለኝ። አሊሙት በዕብራይስጥ ዱላውም፣ ስድቡም፣ ማስፈራራቱም ነው። እዚህ አገር የትምህርት ሳምንት እሑድ ይጀምራል፤ ስምንተኛ ክፍል ገብቼ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ሳስተምር የመጀመሪያዬ ነው። በትምህርት ቤቱና ከአገር ቤት በመጡ ወላጆች መካከል አገናኝ ሆኜ ስሠራ እስካሁን የማውቀው ማስተርጎም ብቻ ነበር።

አንዲት ልጅ አልሳቀችም። እዚህ ትምህርት ቤት ኦስናት ይሏታል፤ ቤቷ ውስጥ አስናቀች ናት። ሁሉም ሲወጣ የቦርሳዋን ዚፕ እየከፈተች እየዘጋች ቆየች። አባቷ እናቷን እንደሚመታ ነገረችኝ።

“ለማንም እንዳትነግሪ። እሺ?”

እሺ ማለት እንዴት በቀለለ! “እሱን ቃል ልገባልሽ አልችልም። የምነግረው ግን ለሚረዳችሁ ሰው ብቻ ነው” አልኋት። ፊቷን አዙራ ወጣች። ለተማሪዎች አማካሪዋ ነገርሁ። ዛሬ አንዲት ልጅ ጠላችኝ።

ሰኞ

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ሩት እንዳስተረጉምላት ይዛኝ ሄደች። የአስናቀችን እናት፣ እትዬ አትጠገብን፣ በምታጸዳው ሆቴል ጓሮ አገኘናት። ሩትን አላየቻትም፤ ያየችው እኔን ነው።

“አንቺ የእኛ ሰው አይደለሽም ወይ? ቤቴን ልታፈርሽው መጣሽ?”

እሱንም አስተረጎምሁት። ምን ላድርግ።

መጀመሪያ “አልመታኝም፣ ገፈተረኝ እንጂ” አለች። ከዚያ ለቅሶ። አምና ሽማግሎች ተቀምጠው፣ ባሏን አስምለው፣ መርቀው መልሰዋታል። አሁንም አባ ብርሃኑ ሳያውቁ የትም አልሄድም አለች። “አንቺ ንገሪልኝ። እኔ አፍ የለኝም።”

ሩት አባ ብርሃኑ ማን እንደሆኑ ጠየቀችኝ። በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዴት ይነገራል! የሁላችንም ሽማግሌ ናቸው አልኋት።

ማክሰኞ

ኪርያት ኖርዳው ሰፈር፣ አባ ብርሃኑ ቤት። ደረጃው ላይ ልመለስ ቃጣኝ። በልጅነቴ የመረቁኝን ሰው ምን ብዬ ነው የምናገራቸው?

ሰሙኝ። “ምሎልኝ ነበርኮ” አሉ። ከዚያ፦ “እዚያ አገር ሴት ስትመታ አባቷ ቤት ትገባለች። ባል ሽማግሌ ልኮ፣ ዋስ ጠርቶ ነው የሚያስመልሳት። የአትጠገብን አባት አዲስ አበባ ወደዚህ ለመምጣት ወረፋ ስንጠብቅ ቀበርነው። እዚህ የማን ቤት ትግባ?”

ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ለነገ ለጠራነው የወላጆች ስብሰባ እመጣለሁ አሉ። ምን እንደሚናገሩ አልነገሩኝም። ቢቃወሙኝስ?

ረቡዕ

ስብሰባው ማትናስ ነበር፣ የሰፈሩ አዳራሽ። ወንዶች አይመጡም ብዬ ስፈራ ወንበር ጠፋ! አባ ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ ለእያንዳንዱ ሲደውሉ ውለዋል። የአስናቀች አባትም መጥቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ።

አንድ ሰውዬ ተነሣ። “እዚህ አገር ሕጉ ለሴት ነው። እሷ ለፖሊስ ስልክ ትደውላለች፣ እኔ ውጭ አድራለሁ!” አጨበጨቡለት። ሩት ልትመልስ ስትል አባ ብርሃኑ ቀደሟት።

“ካልመታሃት ስልኩ ምን ያደርግሃል?”

የማንንም ስም አልጠሩም። “ከእንግዲህ ዱላ ላለበት ቤት አስታርቁ ብላችሁ አትጥሩኝ። መጀመሪያ ሴቲቱ በሰላም ትደር። ሰውየው ይማር። እርቁ እሷ ስትፈልግ ነው፤ ካልፈለገችም ቀረ።”

የአስናቀች አባት ስብሰባው ሳያልቅ ወጣ። ደስታዬ ወዲያው ፍርሃት ሆነ። ሩት ለእትዬ አትጠገብ ደወለች፤ አይነሣም። ፖሊስ ጠራች። ቤቱ ጨለማ ነው፣ ማንም የለም አሏት።

ሐሙስ

አስናቀች ትምህርት ቤት አልመጣችም። እኔ ነኝ መከራ ያመጣሁባቸው አልሁ።

ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። እትዬ አትጠገብ! ዶራ ሰፈር፣ እኅቷ ቤት ናት፤ አስናቀችም አብራት። ስልኳን በድንጋጤ ቤት ረስታው ነበር።

“አባ ብርሃኑ ከስብሰባው በፊት ደወሉልኝ” አለችኝ። “‘ዛሬ ወንዱን ሁሉ እኔ ይዤዋለሁ፣ ባልሽንም ጭምር። አንቺ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ’ አሉኝ።”

መተላለፊያው ላይ ቆሜ ሳቅሁም አለቀስሁም። ያን ሁሉ ሰው የጠሩት ለካ ለዚህ ኖሯል።

ዓርብ

የአስናቀች አባት ቤቱ እንዳይደርስ ፖሊስ አዟል፤ ወንድሙ ዘንድ ነው። አባ ብርሃኑ ጠዋት ሲሄዱበት መጀመሪያ ሰደባቸው፣ ኋላ አለቀሰ። ዱላ ለሚያነሡ ወንዶች ትምህርት አለ፣ እገባለሁ ብሏል። “ሲገባ አያለሁ” አሉኝ። እኔም።

ገበያ ላይ እናትና ልጅን አገኘኋቸው። አስናቀች “በጣም ተናድጄብሽ ነበር” አለችኝ። “አውቃለሁ” አልኋት። ቦርሳዬን ተቀብላኝ ያዘችልኝ።

ትእዛዙ እንዲጸና እትዬ አትጠገብ እሑድ ዳኛ ፊት ትቀርባለች። “ቤቴ ውስጥ መኖር እፈልጋለሁ” የሚለውን በዕብራይስጥ ራሷ ልትለው ፈልጋ አስጠናኋት። “አኒ ሮጻ ላጉር ባባይት ሼሊ።” ስትሳሳት ልጇ ታርማታለች። በመጨረሻ ጮክ ብላ አለችው፤ ቲማቲም ሻጩ ለእሱ የተናገረች መስሎት “ኑሪ፣ ማን ከለከለሽ!” አላት። አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

ዳኛው ምን እንደሚል እንጃ። ፀሐይ ልትጠልቅ፣ ሰንበት ሊገባ ነው፤ ከዚህ በኋላ መጻፍ አይፈቀድም።