መስቀል ፊት ስለ ዞረው አንገቴና ስለ ተነጠቅኋት ልጄ

ግንቦት 12 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለክቡር የቤጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ጤና ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጎንደር

አመልካች፦ ወይዘሮ ሐረገወይን አድማሴ
አድራሻ፦ ስሜን አውራጃ፣ ጃናሞራ ወረዳ፣ ጓሳ ሜዳ ማርያም

ጉዳዩ፦ የጓሳ ሜዳ ክሊኒክ ድሬሰር አቶ ወርቅአፈራሁ የሰጡኝ ኪኒን አንገቴን እንዳጣመመው እያወቁ በሽማግሌ ፊት ስለ ካዱኝና በዚህም ጡት ያልጣለች ልጄን ስለ ተነጠቅሁ፣ እውነቱ እንዲነገርልኝ ስለ ማመልከት

ክቡር ሆይ፣

1ኛ/ እኔ አመልካች እብድ አይደለሁም። ይህን ማመልከቻ የሚጽፍልኝ ጸሐፊ በምስጋና እንድጀምር መክሮኝ ነበር። ነገር ግን አንባቢው ገና ከመግቢያው «ይህች ያችው ጋኔናም ናት» ብሎ ወረቀቱን እንዳያስቀምጠው ስለ ፈራሁ ይህን አስቀደምሁ። ታምሜ ነበር፤ እርሱን አልክድም።

2ኛ/ ባለፈው መስከረም ሴት ልጅ ተገላገልሁ። ገና አራስ ሳለሁ እንቅልፍ አጣሁ፤ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ይሰማኝ ጀመር፤ ልጄንም የኔ አይደለችም ብዬ አላጠባም አልሁ። ባለቤቴ አቶ ክንዱ ዳኛው እስከ ደባርቅ በበቅሎ፣ ከደባርቅ በጭነት መኪና ጎንደር ሐኪም ቤት አደረሰኝ። በዚያ በተሰጠኝ ኪኒን ልቤ ተመለሰ፤ ልጄንም አወቅኋት። ያደረጉልኝን ሁሉ እግዚአብሔር ይቁጠርላቸው።

3ኛ/ ከሐኪም ቤት በወጣሁበት ቀን አቶ ወርቅአፈራሁ ለክሊኒካቸው መድኃኒት ሊወስዱ ጎንደር ወርደው ነበርና፣ የክፍሉ ነርስ ሲስተር ሸዋገነት መድኃኒቴን በእርሳቸው እጅ አስረከበች። ኪኒኑ ሁለት ዓይነት ነው። ትልቁ የአእምሮ ነው። ትንሿ ደግሞ ትልቁ አንገት እንዳያጣምም፣ ዓይን ወደ ላይ እንዳይሰቅል፣ መንጋጋ እንዳይቆልፍ የምትከላከል መሆኗን ሲስተር አጠገቤ ቆማ አስረዳቻቸው። እርሳቸውም «አውቃለሁ» አሉ። የሚያውቅ ሰው አለልኝ ብዬ እኔ ነገሩን በልቤ አልያዝሁትም።

4ኛ/ አቶ ወርቅአፈራሁ ለኔ ባዕድ አይደሉም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጽጌሬዳ የልጄ የክርስትና እናት እንድትሆን የመረጥሁ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ አበልጄ ናቸው። በአገራችን አበልጅ ከሥጋ ዘመድ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። የክርስትናው ቀን ሲቃረብ ባለቤቴ በሰው ፊት ታዋርደኛለች ብሎ ሰጋና አማከራቸው። እርሳቸውም ትልቁን ኪኒን እጥፍ አደረጉት። ትንሿን ግን የሰውነት ማጠንከሪያ ኪኒን መስላቸው፣ ገንፎና ቅቤ የምትበላ አራስ ማጠንከሪያ ምን ያደርግላታል ብለው አስቀሯት። እኔም እሺ ብዬ ዋጥሁ።

5ኛ/ ልጄ ክርስትና በተነሣችበት ዕለት ቄስ ወልደ ገብርኤል መስቀል ሊያሳልሙኝ ሲቀርቡ አንገቴ ወደ ግራ ዞረ። ልመልሰው ብታገል እምቢ አለኝ። ዓይኔ ጣራው ላይ ተሰቀለ፣ ጥርሴ ገጠመ። ልቤ ግን እንደ ዛሬው ሙሉ ነበር፤ የሚባለውን ሁሉ እሰማለሁ። ቄሱ የቆሙት በቀኜ ነበር። በግራዬ ቆመው ቢሆን ምናልባት መስቀል ወደደች እባል ነበር። ሰው ሁሉ «መስቀል ሸሸች» አለ፤ አልሸሸሁም የምልበት አፍ አልነበረኝም። አበልጄ እዚያው ቆመው ያዩኝ ነበር።

6ኛ/ ከዚያ ወደ ጠበል ወሰዱኝ፤ ልጄንም አማቴ ተቀበለችኝ። በጠበሉ አላማርርም፤ እኔም በእምነቴ ገብቼ ተጠመቅሁ። እዚያ ሳለሁ ኪኒን አልወሰድሁምና አንገቴ ተቃና፤ ሰውም ጋኔኑ ለቀቃት ብሎ እልል አለ። ወደ ቤት ስመለስ አቶ ወርቅአፈራሁ ያንኑ እጥፉን ኪኒን ቢያስጀምሩኝ አንገቴ እንደገና ዞረ። ይኸኔ ሰው ሁሉ የለቀቃት ጋኔን ባልንጀሮቹን ይዞ ተመለሰ አለ። ኪኒኑን ያሰበ አልነበረም፤ እኔም ራሴ አላሰብሁትም። እውነት ጋኔን ይሆን እንዴ ብዬ ብቻዬን አልቅሻለሁ።

7ኛ/ ወንድሜ አቶ አለኸኝ ጨክኖ ጎንደር መለሰኝ። ሲስተር ሸዋገነት ገና ከበሩ ስታየኝ «ትንሿን ኪኒን ማን ከለከለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። መርፌ ተወጋሁ፤ ብዙም ሳይቆይ አንገቴ እንደ ዱሮው ሆነ። በሳምንቱ አቶ ወርቅአፈራሁ መድኃኒት ሊወስዱ ሲመጡ ሲስተር እኔው ባለሁበት ጠየቀቻቸው። አልካዱም። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ትንሿን ያስቀረኋት ማጠንከሪያ መስላኝ ነው» አሉ። እኔም ነጻ ወጣሁ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምሁ። ያንን መሳሜን ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል።

8ኛ/ አገሬ ስገባ ባለቤቴ ልጅቱ ከአያቷ ዘንድ ትደግ ብሎ ከስሶ ጠበቀኝ። አጥቢያ ዳኛውና ሽማግሌዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተቀመጡ። እኔ ምስክሬ አበልጄ ናቸው ብዬ ጠራኋቸው፤ ሌላ ምስክር አላስፈለገኝም ነበር። እርሳቸው ግን ተነሥተው፣ መሬት መሬት እያዩ፣ «የኔ ሙያ በሽታ ነው፤ ይህ ነገር ግን ከሙያዬ ውጭ ነው» ብለው ተቀመጡ። በዚች ቃል ልጄ ለአያቷ ተፈረደች። ያን ሰሞን ጡቴ ወተት አጋተ፤ እያለብሁ መሬት ላይ አፈሰስሁት።

9ኛ/ ከቅጥሩ ስንወጣ «ምነው አበልጄ?» አልኋቸው። የመለሱልኝን ቃል በቃል አስጽፌዋለሁ፦ «እቴ፣ ያጣመማት ኪኒኑ ነው ያልሁ እንደሆነ ነገ ማን ከእጄ መድኃኒት ይቀበላል? የሳምባ ነቀርሳው በሽተኛ ሁሉ መርፌውን ጥሎ ይሄዳል።» ክቡር ሆይ፣ ይህ ቃል ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ የአገሬን ሰው አውቀዋለሁ። ነገር ግን የአገሩ ሰው መድኃኒት እንዲያምን እኔ ጋኔናም ሆኜ መቅረት አለብኝን? ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ መውደቁን ግን የወደቀ ነው የሚያውቀው። ከበሽታዬ ይልቅ የአበልጄ ዝምታ ጎድቶኛል።

10ኛ/ ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምለምነው፦

ሀ/ አቶ ወርቅአፈራሁ ለሲስተር ሸዋገነት ያመኑትን፣ በዚያው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ቄስ ወልደ ገብርኤልና ሽማግሌዎቹ ባሉበት እንዲናገሩ ይታዘዙልኝ። እኔ የተዋረድሁት በአደባባይ ነውና በጓዳ ይቅርታ አይበቃኝም።

ለ/ ይግባኜ ደባርቅ ለአውራጃው ፍርድ ቤት ቀርቦ ለሰኔ ተቀጥሯል። አንገት ማጣመሙ የኪኒኑ ጠባይ እንጂ የእብደትም የጋኔንም ምልክት አለመሆኑን ጽሕፈት ቤቱ ከቀጠሮው በፊት እንዲያስታውቅልኝ። ቀጠሮው ካለፈ ልጄ እኔን ሳታውቅ ታድጋለች።

ሐ/ በየገጠሩ ያሉ ድሬሰሮች ይህን ኪኒን ከማደላቸው በፊት ምን እንደሚያድንና ምን እንደሚያመጣ ይማሩ። ያልገባው ሰው «አውቃለሁ» ብሎ እንዳይሄድ፣ የተነገረውን መልሶ ራሱ እንዲያስረዳ ይደረግ።

ጸሐፊው «ከሥራ ይሰናበቱልኝ» የሚል ጨምሪ ብሎኝ እምቢ አልሁ። እርሳቸው ከሄዱ ክሊኒኩ ይዘጋል፤ ልጄን ቢያማት የሚደርስላት ሌላ የለም። እኔም እስከ ዛሬ መድኃኒቴን የምቀበለው ከእርሳቸው እጅ ነው። አሁን ትንሿን አይረሱም። አስቀድመው መዳፌ ላይ የሚያኖሩልኝ እርሷን ነው፤ ቃል ግን አይተነፍሱም።

ልጄ መዳህ ጀምራለች ይሉኛል። እሑድ እሑድ አያቷ አዝላት ስትመጣ በሴቶች በኩል ቆሜ በሩቁ አያታለሁ። ቄሱ መስቀል ይዘው ሲመጡ አንገቴን ቀና አድርጌ እሳለማለሁ። ሕዝቡ ግን መስቀሉን ትቶ የኔን አንገት ያያል፤ አሁን አሁን ልጄም ሰው ወደሚያይበት ማየት ጀምራለች።

የክቡርነትዎን ፍርድ እየተጠባበቅሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

ሐረገወይን አድማሴ
(የቀኝ እጅ አውራ ጣት አሻራ)