ስላጸደቁልን የኩሽና ዋጋ፦ ለቅሬ ዳኛችን ለሐጂ ሚስባህ

ለተከበሩ ሐጂ ሚስባህ
የሠፈራችን ቅሬ (እድር) ዳኛ
ኮምቦልቻ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እርስዎም፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ ጣይባም፣ መላው ቤተሰብዎም በአፊያ እንደከረማችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ባለፈው ወር አስቸግሮዎት የነበረውን ዐይንዎን አላህ አሽሮልዎት፣ ከዚህ በታች የዘረዘርኩትን ያለ መነጽር ለማንበብ እንዲያበቃዎት ዱዓዬ ነው። እኔ እንድሪስ ነኝ፤ ደሴ ላይ ልብስ የምሰፋው፣ የቅሬው አባል የራሂማ ታላቅ ወንድም። ይህን ደብዳቤ በቅሬው አዳራሽ በር ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ሦስት ጊዜ ከደሴ በሚኒባስ ወርጄ ቤትዎ ብመጣ ሦስቱንም ጊዜ የሉም ተባልኩ፤ ጫማዎ ግን በረንዳው ላይ ነበር። ለአራተኛ ጊዜ ብመጣ ደግሞ በባዶ እግርዎ ወጥተው እሾህ ይወጋዎታል ብዬ ስለሰጋሁ ነው በጽሑፍ ያደረግኩት።

በቅድሚያ ምስጋና ይገባዎታል። ራሂማ በስኳር ምክንያት ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች ከተቆረጠ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ከዚያ በፊት በዚህ ሠፈር ለቅሶ ቤት የተጣደ ድስት ሁሉ ጨው የሚለካው በእሷ እጅ እንደነበር የቅሬው ሴቶች ይመሰክራሉ። ዛሬ ወጧ ከጎረቤቷ ከብዙዬ ቤት በሣህን ተከድኖ ይመጣላታል፤ ብዙዬም አንድ ቀን አጓድላ አታውቅም፣ አላህ ይስጣት። እህቴን ግን የሰው እጅ ማየት አንገሸገሻት። ቅሬው አዋጥቶ ዊልቸሯ ላይ ተቀምጣ የምትሠራበት ኩሽና ላሠራላት ብሎ የወሰነ ዕለት አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ይህን የጀመሩት እርስዎ ነዎትና ውለታዎን አልክድም።

የዋጋው ቀን ግን ሌላ ነው። ያን እሁድ ሦስት ፕሮፎርማ ከፍ አድርገው አሳዩን፤ አንዱ ከደሴ፣ አንዱ ከደጋን፣ አንዱ ከዚሁ ከኮምቦልቻ ከእህትዎ ልጅ ከአናጢው ከሂሻም። የሂሻም ከሁሉ ስለሚያንስ ዋጋው ተመጣጣኝ ነው ብለው ፈረዱ፤ ወረቀቱም ከእጅዎ ወደ እጃችን ሳይዞር ዱዓ ተደረገ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እጁን ዘርግቶ አሚን አለ፤ እኔም አልኩ። ከዱዓ በኋላ ነገር ማንሣት ነውር ነው ተብለን አድገን የለ፣ ይሉኝታ አፌን ያዘኝ። ጥፋቱ የኔም ነው። ሆኖም አሚን ያልኩት ለዱዓው እንጂ ለፕሮፎርማው እንዳልነበር ይታወቅልኝ።

ወረቀቶቹን በወጉ ያነበብኳቸው በእህቴ ስም እንድፈርም ሲላኩልኝ ነው። ያስጨነቀኝን በታላቅ አክብሮት በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የሂሻም ፕሮፎርማ አንድ መስመር ነው፤ ሙሉ ኪችን ካቢኔት ከነግራናይቱ፣ አራት ሜትር ከሃያ፣ ሦስት መቶ ሠላሳ ስድስት ሺህ ብር። በሜትር ሰማንያ ሺህ ሆነ ብዬ አልወቅስም። ደሴ ሁለት የእንጨት ሥራ ቤት ገብቼ ጠይቄአለሁ፤ ኤምዲኤፍ የሚሉት ጣውላ እርጥበት የሚችል ከሆነ፣ ማጠፊያውም በዓመቱ የማይረግፍ ከሆነ ዋጋው እዚያው አካባቢ ነው አሉኝ። እኔን ያስጨነቀኝ ይኸው «ከሆነ» የሚሉት ነገር ነው። ወረቀቱ ጣውላው ምን እንደሆነ አይናገርም፤ መሳቢያው ስንት እንደሆነ፣ ሲንኩን ማን እንደሚገጥመው፣ ቢበላሽ እስከ መቼ ተመልሶ እንደሚያበጅ አይናገርም። እኔ ለአንድ ሱሪ እንኳ ስንት ሜትር ጨርቅ፣ ምን ዓይነት ገበር እንደሚገባ ለደንበኛዬ ተናግሬ ነው የምቆርጠው። ሙሉ በምትለው አንዲት ቃል ብቻ ይህን ሁሉ መርምረው መፍረድ መቻልዎ ግን የሚያስቀና ችሎታ ነው።

2ኛ. ከሦስቱ ባለሙያዎች አንዱም የራሂማን በር አላንኳኳም። እግሯ ከተቆረጠ ወዲህ ከሆስፒታል በቀር የትም ያልሄደች ሴት ናትና መጥተን አጣናት የሚል አይኖርም።

3ኛ. ሜትር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የምውል ሰው ነኝና የእህቴን የኩሽና ግድግዳ ለካሁት። ሦስት ሜትር ከአሥር ነው። ደግሜ ለካሁ። ብዙዬ ጫፉን ይዛልኝ ለሦስተኛ ጊዜ ለካሁ፤ ግድግዳው ንቅንቅ አላለም። ከሦስት ከተማ የመጡ ሦስት ወረቀቶች ግን በአንድ ድምፅ አራት ሜትር ከሃያ ይላሉ። ይህን ቁጥር የት ነው የማውቀው እያልኩ ልቤ አላርፍ አለኝ፤ ጨርቅ ስቆርጥ እንኳ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። በመጨረሻ የደንበኞቼን ልክ የምጽፍበትን ደብተር ገለጥኩ። አምና ረመዳን ሊገባ ሲል ወይዘሮ ጣይባ ኩሽናቸውን ከሳሎኑ የሚጋርድ መጋረጃ አሰፍተውኝ ነበር፤ በገዛ እጄ የለካሁት የእርስዎ ግድግዳ አራት ሜትር ከሃያ ነው። ሂሻም የገጠመልዎትን አዲሱን ካቢኔትም ያን ዕለት አይቼ ማሻአላህ ብዬ ወጥቻለሁ።

ክፉ አላስብም ሐጂ። ሂሻም የእርስዎን የአምናውን ወረቀት ስም ቀይሮ ጽፎት ይሆናል፤ የደሴውና የደጋኑም ሰዎች ለሂሻም ብለው ማኅተማቸውን አውሰውት ይሆናል፤ እርስዎም ማኅተሙ ሦስት መሆኑን ብቻ ቆጥረው ይሆናል። ወላሂ ይህን ሁሉ ለማመን እየታገልኩ ነው። ትርፉ አንድ ሜትር ከአሥር ግን ሰማንያ ስምንት ሺህ ብር ነው፤ ይህም ጥበቃ የሚያድሩ፣ ጉሊት የሚቸረችሩ ሰዎች ያዋጡት ነው። ካቢኔቱ ከራሂማ ግድግዳ አልፎ በብዙዬ ቤት በኩል የሚቀጥል ከሆነ እባክዎ ለብዙዬ ቀደም ብሎ ይነገራት፤ በዚያ በኩል አልጋዋ አለ።

4ኛ. ገንዘቡ ቢቀር ይቅር፤ እንቅልፍ የነሣኝ ይህኛው ነው። ከወረቀቱ ግርጌ በትንንሽ ጽሑፍ የታችኛው ካቢኔት ከወለል ዘጠና ሳንቲም ይቆማል፣ ከላዩም ሁለት ረድፍ ካቢኔት ይሰቀላል ይላል። ለእርስዎና ለወይዘሮ ጣይባ ቁመት ትክክለኛ ልክ ነው። እኔ ግን የእህቴ ግድግዳ ላይ ዘጠና ሳንቲም ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርኩና፣ ዊልቸሯን አስጠግቼ ሽንኩርት እንደምትከትፍ ሁኚ አልኳት። እጇ ከደረቷ በላይ ተንጠለጠለ። ጉልበቷም የምታስገባበት ቦታ የለም፤ ታቹ ሁሉ በር ነውና ወንበሯ ሳይጠጋ ይቀራል። አብሽር እንድሪስ፣ ባልሠራበትም ቤቴ ገብቶ ለሚያየው ሰው ያምራል አለችኝ። ሴትዮዋ ድስት ነው የጠየቀችን፤ እኛ የምታየው ቁም ሣጥን ልናቆምላት ነው።

የምለምንዎ ትልቅ ነገር አይደለም። አንድ ሰው፣ ከፈለጉ ሂሻም ራሱ፣ እቤቷ ሄዶ ይለካ። የሚሠራው ሦስት ሜትር ከአሥር ይሁን፤ ከፍታው ሰባ አምስት ሳንቲም ይሁንና ታቹ ክፍት ሆኖ ወንበሯ ይግባበት፤ የላይኛው ካቢኔት ጨርሶ ይቅር። ዋጋው ያን ጊዜ በእጅጉ ይወርዳል፣ በሚተርፈውም ጎማዋን የሚይዝባትን የኩሽና በር ደፍ እናስፈርሳለን። አንድ እግር የሌላትን ሴት ቆመሽ ሥሪ የሚል ካቢኔት በሜትር ሰማንያ ብር ቢሆንም ውድ ነው።

5ኛ. ውሉ በሚመጣው እሁድ ይፈረማል ብለዋል። እኔ አልፈርምም።

ለድካምዎ፣ በተለይም እኛ ለማንበብ እንዳንደክም አንብበው ስለ ፈረዱልን፣ ደግሜ አመሰግናለሁ። ሂሻም የራሂማን ግድግዳ እንዳስረዘመው አላህ ዕድሜዎን ያስረዝመው።

አሚን ለማለት የቸኮለው፣ ለመፈረም ግን የማይቸኩለው አክባሪዎ
እንድሪስ፣ ልብስ ሰፊው
ደሴ

ግልባጭ፦
ለአናጢ ሂሻም፣ መገልበጥ ስለሚወድ
ለብዙዬ፣ ግድግዳዋን እንድትጠብቅ

ከፊርማዬ በኋላ የታከለ፦ ይህን ደብዳቤ ለራሂማ ሳነብላት የሐጂን ስም አጠፋህ ብላ ተቆጣችኝ፤ ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ተቀምጦ አላየው ሆኖ ነው አለች። የሚቀጥለው ሐሳብም የእሷ ነው። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዊልቸሯ በባጃጅ እቤትዎ ይደርሳል። እባክዎ ይቀመጡበት፤ ቀኝ እግርዎን አጥፈው ሳያስረግጡ ወደ ኩሽናዎ ይግቡና ከላይኛው ካቢኔት አንድ ብርጭቆ አውርደው፣ አንድ ራስ ሽንኩርት ይክተፉ። ከቻሉ ወረቀቱን ከወንበሩ ጋር ይላኩልኝ፣ ወላሂ ዐይኔን ጨፍኜ እፈርማለሁ። ሲጨርሱ ግን ወንበሩን ቶሎ ይመልሱላት፤ ያላት እሱ ብቻ ነውና እስኪመለስ ድረስ አልጋዋ ላይ ሆና ትጠብቅዎታለች።