ዘግይቶ ቢቸና የደረሰ ትእዛዝ፦ የዶክተር ወይንእሸት ሀብተ ሥላሴ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ወይንእሸት ከአባታቸው ከመሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ወልደ ኪዳንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ይርጋነሽ ይታያል፣ በምሥራቅ ጎጃም በቢቸና ከተማ ጥቅምት 12 ቀን 1969 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የቅኔ መምህር ስለነበሩ ቤቱ ከደቀ መዛሙርት ድምፅ ተለይቶ አያውቅም። የቤቱ የበኩር ልጅ ወይንእሸት ግን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሥጋት የማይለያቸው ነበሩ። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ወደ ደብረ ኤልያስ ሄዶ የዘገየ እንደሆነ፣ ደጅ ወጥተው የሚቆሙት እርሳቸው ነበሩ። እናታቸው፣ ይህች ልጅ የሰው ጭንቀት ተበድራ ትጨነቃለች ይሉ ነበር።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በቢቸና አጠናቀው፣ በ1987 ዓ.ም. ባሕር ዳር ገብተው የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሩ። እንደተመረቁም ሞጣ በሚገኝ የቴክኒክ ኮሌጅ መምህርት ሆነው ተቀጠሩ። እዚያው ሒሳብ ያስተምሩ ከነበሩት ከአቶ አስናቀው ውበቴ ጋር ተዋውቀው በ1995 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ፤ ማርያማዊትንና ፍቅረ ሥላሴንም ወለዱ። ኋላም አዲስ አበባ እየተመላለሱ በኮምፒውተር ሳይንስ ንድፈ ሐሳብ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያዙ። ጥናታቸው ምን እንደሆነ ዘመድ ሲጠይቃቸው፣ ተራርቀው የሚሠሩ ሁለት ማሽኖች በመካከላቸው ዝምታ ሲሆን አንዱ ስለ ሌላው ምን ሊያውቅ እንደሚችል ነው ብለው ያስረዱ ነበር። ጠያቂው፣ ይህማ የባልና የሚስት ጉዳይ ነው ሲላቸው አብረው ይስቃሉ።

ሞጣ የምህንድስና ተማሪ እንጂ የሚማሩበት ማሽን አልነበራትም። ትልልቆቹ ሞተሮች ያሉት ቢቸና በሚገኘው የኮሌጁ ወርክሾፕ ነው። ተማሪዎቹ በደብረ ወርቅ በኩል በአውቶቡስ ይመላለሱ ነበር፤ መንገዱ ሲዘጋ ግን ሞተር ሲዞር በዓይኑ ሳያይ የሚመረቅ ብዙ ነው። ይህን ያዩት ዶክተር ወይንእሸት በ2010 ዓ.ም. የርቀት ቤተ ሙከራ አቋቋሙ። ተማሪው ሞጣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ትእዛዝ ሲሰጥ ቢቸና ያለው ሞተር ይነሣል፤ ተማሪውም ፍጥነቱን ይለካል፤ ሥራውንም በካሜራ ይከታተላል። ቢቸና ላይ ማሽኖቹን የሚጠብቁትና የሚጠግኑት አቶ አለበል ያለው ነበሩ።

በኅዳር 2012 ዓ.ም. አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ተማሪዎች ሞተሩን ለማስነሣት ትእዛዝ እንደሰጡ ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ ስክሪኑ ላይ የነበረው ምስልም ባለበት ደርቆ ቀረ። ቢቸና ያሉት አቶ አለበል የኔትወርክ መስመሩ ጠቋሚ መብራት መጥፋቱን አይተው፣ የዛሬው ሙከራ አበቃ ብለው ክዳኑን ከፈቱና የላላውን የሞተር ቀበቶ፣ ቺንጊያውን፣ ሊያጠብቁ እጃቸውን አስገቡ። መስመሩ ሲመለስ፣ መንገድ ላይ ቆሞ የነበረው ትእዛዝ ደረሰ። ዶክተር ወይንእሸት ከተማሪዎቹ ኋላ ቆመው ነበርና፣ ምስሉ ሲመለስ ያዩት የሚዞረውን ሞተርና የአቶ አለበልን እጅ ነው። ማጥፊያውን ተጫኑ፤ ይድረስ አይድረስ ግን ሞጣ ሆኖ የሚያውቅ አልነበረም። ሞተሩ ቆመ። አቶ አለበል ከካሜራው ፊት ጠፉ። ስልካቸው ይጠራል፣ የሚያነሣው የለም። ዶክተር ወይንእሸት ባገኙት መኪና ተሳፍረው ቢቸና እስኪገቡ ድረስ ሰውየው በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላወቁም። አቶ አለበልን ያገኟቸው ሆስፒታል ነው፤ ከቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት አጥተው ነበር።

ጉዳዩን ያጣራው ኮሚቴ፣ ጥፋቱ ኃይል ሳያቋርጡ ክዳን የከፈቱት የአቶ አለበል ነው የሚል ቃለ ጉባኤ አዘጋጀ። ዶክተር ወይንእሸት አልፈርምም አሉ። "አቶ አለበል ዝምታውን አምነው ነው የተጎዱት። ዝምታው የሚታመን አስመስዬ የሠራሁት እኔ ነኝ" ብለው ቤተ ሙከራውን ዘጉት።

በዚያ ሰሞን ወደ አባታቸው ቤት ሄዱ። መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩና፣ ልጃቸው ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ እንዲያጫውቷቸው ጠየቁ። ሰምተው ሲያበቁ፣ "ልጄ፣ የዘገየ መልእክተኛ የሞተ ንጉሥ ትእዛዝ ያስፈጽማል። ንጉሡ መሞቱን ያልሰማ አገር ምን ያድርግ? ለትእዛዙም ዕድሜ ወስኚለት" አሏቸው።

በመጋቢት ወር በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቱ ሁሉ ሲዘጋ፣ የርቀት ቤተ ሙከራ እንደዚያን ጊዜ ተፈልጎ አያውቅም። ኃላፊዎች ደጋግመው ይደውሉላቸው ጀመር፤ ሌላው አጥቶ የሚመኘውን እርሳቸው ቆልፈው ተቀምጠዋል ተባሉ። መመረቂያቸው የደረሰ ተማሪዎችም ቤታቸው ድረስ መጥተው ለመኗቸው። ከሁሉ የከበዳቸው ለእነዚህ መልስ መስጠቱ ነበር። የእናንተ ዓመት ይካካሳል፣ የሰው እጅ ግን አይተካም ብለው ሸኟቸው። ተማሪዎቹ ከሄዱ በኋላ ግን፣ የልጆቹን ዕድል ዘግቼ ይሆን እያሉ ሲብሰለሰሉ እንደሚውሉ ባለቤታቸው ያውቃሉ።

ክረምቱን ሙሉ ከአቶ አስናቀው ጋር ሲሠሩ ከረሙ። ማሽን ዝምታን ብቻ ሰምቶ፣ መልእክቱ ዘግይቶ ይሁን ወይስ ጠፍቶ ሊለይ እንደማይችል በሙያው የታወቀ ነው፤ ዶክተር ወይንእሸትም ይህን እፈታለሁ ብለው አልተነሡም። መስመሩ ዝም ሲል ሞተሩ በራሱ እንዲቆም፣ ዕድሜው ያለፈ ትእዛዝ ቢደርስም እንዳይፈጸም፣ ክዳኑን የሚከፍተው ሰው የሞተሩን ቁልፍ ነቅሎ ኪሱ ከከተተ ደግሞ ከሞጣ የሚመጣ ትእዛዝ ሁሉ ከንቱ እንዲሆን አደረጉ። ኔትወርኩ በየትኛውም ቅጽበት ቢሄድና ቢመጣ ያ አደጋ እንደማይደገምም በሒሳብ አረጋገጡ። ማረጋገጫውን ያዩ የሙያ ባልደረቦቻቸው ስሕተት አላገኙበትም። እርሳቸውን ግን አላሳረፋቸውም። ሒሳቡ ስለ ወረቀቱ ሞተር ነው፣ የቢቸናው ሞተር ግን ብረት ነው ይሉ ነበር።

በጥር 2013 ዓ.ም. ሊሞክሩት ቢቸና ወረዱ። አቶ አለበል ወደ ሥራቸው ተመልሰው ነበር፤ አንድም ቀን ዶክተር ወይንእሸትን ወቅሰው አያውቁም። ክዳኑን ለመክፈት ሲጠጉ ግን ወደ ኋላ አሉ። "ዶክተር፣ እኔ እርስዎን አምናለሁ፤ እጄ ግን አያምንም" አሏቸው።

ዶክተር ወይንእሸት ቁልፉን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ፤ ክዳኑን ከፍተው ቀኝ እጃቸውን ቺንጊያው ሥር አስገቡ። ሞጣ ኮምፒውተሩ ፊት ለተቀመጡት ለባለቤታቸው በስልክ፣ አስነሣው አሏቸው። አቶ አስናቀው በካሜራው ያያሉ።

"ወይንዬ፣ እጅሽን አውጪና ልጫን።"

"እጄን ካወጣሁማ ምኑን ሞከርነው? ተጫን።"

አቶ አስናቀው ማረጋገጫውን መስመር በመስመር አብረው የሠሩት ናቸው፤ እንከን እንደሌለበት ያውቃሉ። ጣታቸው ግን አልታዘዝ አላቸው። መስመሩ እንዳይቋረጥ ፈሩ፤ ተቋርጦ እንዳይመለስም ፈሩ። በመጨረሻ ሥላሴን ጠርተው ተጫኑ። ሞተሩ አልተነቃነቀም። ደግመው ተጫኑ፤ አልተነቃነቀም። ዶክተር ወይንእሸት እጃቸውን አውጥተው ቁልፉን ለአቶ አለበል ሰጡ። እርሳቸውም ኪሳቸው ከተቱትና ቺንጊያውን ማጥበቅ ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ ቤተ ሙከራው ለግንደወይንና ለመርጡለ ማርያም ተማሪዎችም ተርፏል። መንገዱም ኔትወርኩም በሚዘጋባቸው በእነዚያ አስጨናቂ ዓመታት፣ ሞተሩ መስመር በጠፋ ቁጥር ራሱን እያቆመ ማንንም ሳይጎዳ ቆይቷል። አባታቸው መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ በ2014 ዓ.ም. አረፉ።

በ2016 ዓ.ም. ዶክተር ወይንእሸትን የጉበት ሕመም ጀመራቸው። መንገድ እስኪከፈት ሲጠበቅ ጊዜው አለፈ። በኋላ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ቢታከሙም ሕመሙ ሥር ሰድዶ ነበርና ሊድኑ አልቻሉም፤ ወደ እናታቸው ቤት ወደ ቢቸና እንዲመለሱ ጠየቁ። አቶ አስናቀው ተማሪዎቻቸውን ሊፈትኑ ሞጣ በሄዱበት ጊዜ የስልክ መስመር ጠፋ። የመስመር መጥፋት የሞት ምልክት እንዳልሆነ ከእርሳቸው ይበልጥ የሚያውቅ አልነበረም፤ ልባቸው ግን አልሰማ አላቸው። በጭነት መኪና ተሳፍረው፣ የለቅሶ ድምፅ እሰማለሁ ብለው እየፈሩ ደጁ ደረሱ። ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። ዶክተር ወይንእሸት በሕይወት ነበሩ፤ ባለቤታቸውን እንዳዩም አስቀድመው የጠየቁት መንገዱ ሰላም እንደነበረ ነው።

ዶክተር ወይንእሸት ሀብተ ሥላሴ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አጠገባቸው ሳሉ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ48 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። እናታቸውን ወይዘሮ ይርጋነሽ ይታያልን፣ ባለቤታቸውን አቶ አስናቀው ውበቴን፣ ሴት ልጃቸውን ማርያማዊትንና ወንድ ልጃቸውን ፍቅረ ሥላሴን፣ አብረዋቸው የሠሩትን አቶ አለበል ያለውንና ያስተማሯቸውን ሁሉ ትተውልን ሄደዋል።

ዘመናቸውን ሁሉ ስለ ሌላው ሲሠጉ ኖረዋልና፣ አምላከ አብርሃም ሥጋት የማይደርስበትን ማረፊያ ያድላቸው። ወደ እርሳቸው የምንሄድበትን ቀን እርሱ ያውቃል። እስከዚያ ግን ስለ እኛ አይጨነቁ፤ ይረፉ።