የቀይዋ መኪና አምስት ቡሎኖች

ይመርዬ፣ የልጆቼ አባት፤

አፈሩን አላህ ያቅልልህ። ከተለየኸኝ ይኸው ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሞላ። ይህን የምጽፍልህ እኔው ራሴ ነኝ። አንተ ከሄድክ በኋላ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ የምስክር ወረቀቴም ከፎቶህ ጎን ተሰቅሏል። ፊደሎቼ ቢንጋደዱ እንዳትስቅብኝ። በሰው እንዳላስጽፈው ጉዳዩ ለሰው ጆሮ የሚሆን አይደለም፤ በዚህ ዘመን ማን ለማን እንደሚያወራ አይታወቅም።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ዘሀራ ስድስተኛ ክፍል ገብታለች፣ በቁመት እኔን ልትደርስ ነው። አህመድ እንዳንተው ሲተኛ ጥርሱን ያፋጫል። የጓዳው ቆርቆሮ በበረዶ ተበሳስቶ ለጊዜው በጆንያ ደፍነነዋል። ከሁሉ የከፋብኝ የቀበሌው ነገር ነው። መጋዘን ልንሠራ ነው ብለው የግቢያችንን የታች ጫፍ ወሰዱት። እዚያ የቆመችው መኪናህ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ካልተነሳች የመጋዘኑ ንብረት ትሆናለች አሉኝ። እኔም ወዲያው ጠረጠርኩ። መካነ ሰላም ላይ ባዶ መሬት ጠፍቶ ነው? መኪናዋን ፈልገው ነው እንጂ!

መኪናዋ እንደሆነች ስንዝር አትንቀሳቀስም። የፊት ግራ ጎማዋን የሚይዙት አምስቱ ቡሎኖች ከተሰበሩ አሥር ዓመታቸው ነው፤ ጎማው ቤት ውስጥ፣ እሷ ድንጋይ ላይ ተደግፋ። ኮምቦልቻ ትነዳለት የነበረው ጣሊያን አገራችንን ለቆ ሲሄድ የሰጠህ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬት የምትልስ ቀይ የስፖርት መኪና ይዘህልኝ መጣህ። ያኔም አሮጌ ነበረች። ከአቀስታ ወዲህ መንገዱ ሁሉ ድንጋይ ነውና እኔ ሙሽራዋ ከፊት ከፊት እየሄድኩ ድንጋይ እለቅማለሁ፣ አንተ መሪህን ይዘህ በመስኮት ትስቅብኛለህ። ሁለት ቀን ፈጀብን። ወላሂ፣ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ከዚያ የዘመቻው ሰሞን መጣ። ካድሬው ዓይኑን ጣለባት፤ መኪናዋን ከነሹፌሯ ለአብዮቱ ሥራ እፈልጋለሁ አለ። ዘሀራ ገና ጡት ላይ ነበረች። ሊወስዱህ የቀጠሩበት ቀን ዋዜማ እኔ እናቴ ዘንድ አደርኩ። ስሄድ ጓደኛህ እንድሪስ ወደኛ ሲገባ በር ላይ ተላለፍን። ጠዋት ስመለስ ካድሬው ከነሰዎቹ ግቢያችን ውስጥ ቆሟል፤ መኪናዋ በአንድ ጎኗ ተንጋዳለች፣ ቡሎኖቹ ተሰብረዋል፣ የሚያስሯቸው ዳዶዎች የሉ፣ የጎማ መፍቻዋ የለ። አንተ ራስህን ይዘህ ሌባ ገባብኝ እያልክ ትጮሃለህ። ካድሬው ይህ ሌብነት ሳይሆን አሻጥር ነው አለ፤ በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ መፍቻ ያለው ማነው ብሎም ጠየቀ። አንተ መሬት መሬቱን አየህ። እኔ፣ ምላሴ ይቆረጥና፣ እንድሪስ አልኩ።

አብሮ አደግህን፣ የጭነት መኪና ሹፌሩን። አርባ ቀን አሰሩት። የውስጥ እግሩን ገረፉት። ሲፈቱት ግራ እግሩ ፍሪሲዮን መርገጥ ስላቃተው ሹፌርነቱ ቀረ፤ ይኸው ገበያው ዳር ጎማ እየለጠፈ ይኖራል። እኔ ግን የእጁን አገኘ ብዬ አንጀቴ አልራራም። በመንገድ ሳገኘው ፊቴን አዞራለሁ። አንተ ስትሞት ለቅሶ ሊደርስ ቢመጣ ከደጅ መለስኩት። ሰው ሁሉ እያየ! ወሎ ላይ ለቅሶ የተከለከለ ሰው ምን እንደሚባል አንተ አታጣውም።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ይኸው ሰው በሬን አንኳኳ። የቀበሌውን ነገር ሰምቷል፤ ጎማዋን ልግጠምላት፣ ተገፍታም ቢሆን ትነሳ አለኝ። ከኪሱ የተቋጠረ ጨርቅ አውጥቶ ፈታው። አምስት አዳዲስ ቡሎን! ደሴ ቶርኖ ቤት አስቀርጿቸው ነው። ደሜ ፈላ። መኪናዋን ሳይለካ ልካቸውን ከየት አወቀ? አሮጌዎቹን በእጁ የያዘ ሰው ካልሆነ! ይኸው ተያዝክ አልኩ በሆዴ። ላባርረው ነበር፤ ግን ከቀበሌው ቀጠሮ የቀረኝ አራት ቀን ብቻ ነው፣ ሌላ የሚሠራልኝ ሰውም የለም።

ስለዚህ በርጩማ አውጥቼ አፍንጫው ሥር ተቀመጥኩ። ዘሀራን በወዲያኛው ጎን አቆምኳትና ዓይንሽን ከእጁ ላይ እንዳታነሺ አልኳት። እሱ ክሪኩን አስገብቶ መኪናዋን አነሳት። ጎማው ከሚታሰርበት ብረት ውስጥ የቀሩትን የቡሎን ጉቶዎች በመዶሻ ወደ ኋላ እየመታ ማውጣት ጀመረ። ዝገቱ ጨርሶ ይዟቸዋል፤ ናፍጣ ያጠጣል፣ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይመታል። አንዱ ሲወድቅ አንስቼ አገላብጬ አየሁት። ስብራት አይደለም፤ ፊቱ ልስልስ ብሎ የተቆረጠ ነው። መጋዝ! ይህችንም ያዝኩበት። አዳዲሶቹን በጀርባ በኩል አንድ በአንድ እየመታ አስገባቸው፣ ልክክ አሉ። ልክክ ባሉ ቁጥር እኔ እበግናለሁ።

ዳዶ ግን አላመጣም። የወሰድካቸውን መልስ ልለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ደሴ ሄጄ ላፈላልግ አለ። ደሴ ደርሶ እስኪመለስ ቀኑ ሊያልፍብኝ! ከሞትክ ጀምሮ ነክቼው የማላውቀውን የዕቃ ሳጥንህን ከፈትኩ፤ ምናልባት የሚሆን ዳዶ አይጠፋም ብዬ። ሁሉንም አውጥቼ ጨርሼ ከሥሩ አንድ ጥቅል አገኘሁ። የተጠቀለለው በአረንጓዴው ቀሚሴ ቁራጭ ነው፤ ማን ቀደደብኝ ብዬ የአክስትህን ልጅ ያኮረፍኩበት ቀሚስ። ፈታሁት። አምስት ዳዶ፣ ግሪስ ተቀብተው፣ አንድ ጥርስ ሳይነካባቸው። አጠገባቸው ሌባ ወሰደው ያልከው መፍቻ።

ይዣቸው ስወጣ እንድሪስ አየና አንገቱን ደፋ። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ በዘሀራ ራስ አስማልኩት፤ በግድ ተናገረ። ቡሎኖቹን የቆረጥካቸው አንተ ነህ። መጋዙን ያዋሰህ እሱ ነው። ነገሩ ሲበርድ መልሰን እናሠራታለን ተባብላችሁ አንዱን ቁራጭ ለናሙና ሰጥተኸዋል፤ ልኩን ያወቀው በሱ ነው። አርባ ቀን ሲገርፉት ስምህን ያልጠራው አሻጥር በጥይት ያስቀጣ ስለነበር ነው። እኔ ከደጅ ስመልሰው ዝም ያለውም ሙት ላለማማት ነው።

ይመር! ከኔና ከዘሀራ ላለመለየት ብለህ እንዳደረግከው ገባኝ። አልዋሽህም፣ እያለቀስኩ ደስ ብሎኛል። ግን ሰባት ዓመት አጠገቤ ተኝተህ አንዲት ቃል እንዴት ትጠፋሃለች? ደሴ ቡሎን የለም እያልክ አሞኘኸኝ። ታመህ በተኛህበት ዓመት አንድ ቀን እንድሪስ አለ ወይ ብለህ ጠየቅከኝ። እኔ ስረግመው ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ፤ ሕመሙ ብሶብህ መስሎኝ ጀርባህን አሸሁልህ፣ ሞኟ! አሁን የኮትህን ኪስ ሁሉ እያገለበጥኩ ነው። ፎቶህን ሳይቀር ከግድግዳ አውርጄ ጀርባውን አይቻለሁ። ሌላስ ምን ደብቀኸኛል? ሙት መጠርጠር አስለመድከኝ።

እንድሪስ ዳዶዎቹን ተቀብሎ አሰራቸው፤ ለማጥበቂያ በደህና እግሩ መፍቻው ላይ እየቆመ። አራቱንም ጎማ ለጥፎ ነፋልኝ። ጎረቤት ገፍቶ ላይኛው ጓሮ አገባልን፤ ቀበሌዎቹ ሲመጡ ባዶ ቦታ አገኙ።

ሐሙስ ዕለት የውሃው ቦኖ ላይ ሴቱ ሁሉ ተሰልፎ ሳለ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። ዳዶዎቹ ከኔ ቤት ተገኝተዋል፣ እንድሪስ ንጹሕ ነው፣ በሐሰት ስሙን የጠራሁት እኔ ነኝ አልኩ። አንዳንዷ ባልዲዋን ሳትሞላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች በደጃችን እያለፉ ወደ ውስጥ ያያሉ። ፈርቻለሁ፣ ይመር። ቢጠሩኝ ግን ያገኘሁትን እናገራለሁ፤ አንተን ከእንግዲህ የት ይወስዱሃል?

እንድሪስን እግሩ ላይ ወድቄ አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ አልኩት። ብድግ አደረገኝና አፉ ብያለሁ አለኝ። ላንተም እንዲልልኝ ለመንኩት። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ክሪኩን ተሸከመና ሳይመልስልኝ ወጣ። ትናንት ደግሞ ሱቁ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁት። ጎማ እየሞረደ ስለ ልጆቹ ትምህርት ጠየቀኝ እንጂ ስምህን አላነሳም። ይህን ደብዳቤ ስጀምር አፉ ብሎሃል ብዬ ልጽፍልህ ነበር ሐሳቤ። አላለህም።

አልረሳህም፣ እንዴት ብዬ! ሰደቃህን በየዓመቱ አወጣለሁ። ድንጋይ ስለቅም የሳቅከውን ሳቅ ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ፤ ያን ቀን መሬት መሬቱን ማየትህንም አልደብቃቸውም። እንድሪስ ዘንድም እየተመላለስኩ እለምነዋለሁ። የሱን አፉታ ሳልይዝልህ አልመጣምና ቶሎ አትጠብቀኝ።

ፋጤ